ወረቀቱን ዘግታ ያዳመጠች መምህርት

ሬጊና ሳርኔትስካ በናሬቭ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። ተማሪዎቿ ነገ ትራክተር የሚጠግኑ፣ ዳቦ የሚጋግሩ፣ ወተት ፋብሪካ የሚገቡ ልጆች ናቸው። ሰዋስው ስታስተምራቸው ያዛጋሉ፤ ግን ይማራሉ። ጽሑፍ ስታስነብባቸው ያጉረመርማሉ፤ ግን ያነባሉ። ነገሩ የሚበላሸው ማዳመጥ ሲመጣ ነው። ሲዲ ማጫወቻውን ስትከፍት አሥራ ዘጠኙም ልጆች ጥርስ ሊነቀልላቸው የተቀመጡ ይመስል ወንበራቸው ላይ ይኮማተራሉ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል። ከዚያ መልሱን በደመ ነፍስ ያከብባሉ።

ሬጊና ይህን ስታይ የምትናደደው በልጆቹ ብቻ አልነበረም። እሷም እንግሊዝኛን የጀመረችው ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው። ኮሌጅ የገባችው የሩስኛ መምህርት ልትሆን ነበር፤ የኮሚኒስቱ ዘመን ተገለበጠና ሩስኛ የሚማር ሰው ጠፋ። እሷንና ጓደኞቿን በሁለት ዓመት ጥድፊያ እንግሊዝኛ አስተምረው ወደ ክፍል ላኳቸው። ሰዋስዉን ከማንም በላይ ታውቃለች። በጆሮ የሚመጣ እንግሊዝኛ ግን እስከ ዛሬ ያስፈራታል። ስለዚህ ድምፁን ስታጫውት የመምህሩ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለው የንግግሩ ጽሑፍ ሁልጊዜ ፊቷ ተዘርግቶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ያ ገጽ ተገንጥሎ ጠፍቶባት፣ ራሴን አሞኛል ብላ ልጆቹን ቀደም አድርጋ ለቃቸው ታውቃለች። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር።

ጥር ላይ አምስተኛ ዓመቶቹ ሞዴል ፈተና ወሰዱ። የማዳመጡ አማካይ ውጤት ከአሥራ አምስት አምስት ሆነ። ዳይሬክተሩ አቶ ቫልደማር በማግስቱ ቢሮ አስጠሯት።

«ወይዘሮ ሬጊና፣ አምስት? ዓይናቸውን ጨፍነው ቢያከብቡ እኮ ከዚህ አያንስም ነበር።»

«ሲያነቡ ጥሩ ናቸው፣ አቶ ቫልደማር። ማዳመጡ ላይ ነው የሚወድቁት።»

«ወላጆችም የሚጠይቁኝ ማዳመጡን ነው። ቢያውስቶክ የሁለት ቀን ሥልጠና አለ። ይሂዱ፤ የሆነ ነገር ይዘው ይምጡ።»

ሄደች። የሆነ ነገርም ይዛ መጣች፤ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ያለበት መጠይቅ። አሠልጣኟ ረዥም ቀጭን ወጣት ሴት ነበረች፤ ነገሩን ያስረዳችውም ሬጊና በሚገባት ቋንቋ ነው። ጎበዝ አዳማጭ ድምፁን ብቻ አይደለም የሚከታተለው፣ ራሱንም ይከታተላል። ሳይጀመር ምን ሊባል እንደሚችል ይገምታል፤ እየሰማ ግምቱን ያጣራል፤ ሲጠፋበት ጠፋብኝ ብሎ ያውቃል፤ ሲያልቅ የት እንደተሳሳተ መለስ ብሎ ያያል። ሬጊና ማስታወሻዋን ሞልታ፣ በአውቶቡስ ስትመለስ መስኮቱን እያየች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ለመግባት ቸኮለች።

መጠይቁን አደለች። «ከማዳመጤ በፊት እቅድ አወጣለሁ፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ።» «እያዳመጥኩ መረዳቴን እቆጣጠራለሁ፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ።» እንዲህ እያለ እስከ ሠላሳ ይሄዳል። ልጆቹ በሰባት ደቂቃ ጨርሰው መለሱላት። ቤቷ ወስዳ ከሞዴል ፈተናው ውጤት ጋር ስታስተያየው ደሟ ፈላ። ከአሥራ አምስት ሦስት ያመጣው ቲሞን የሚባለው የመካኒክ ተማሪ ሠላሳውም ላይ «ሁልጊዜ» ብሏል። አራት ያመጡትም «ሁልጊዜ»። አምስት ያመጡትም «ሁልጊዜ»።

«ቲሞን» አለች በማግስቱ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ፤ «ሁልጊዜ ታቅዳለህ?»

«አዎ ቲቸር።»

«ሁልጊዜ ራስህን ትቆጣጠራለህ?»

«ቲቸር፣ ወረቀቱ ላይ የትኛው ጥሩ መልስ እንደሆነ ያስታውቃል እኮ። ‹በጭራሽ አላቅድም› ብዬ ልጻፍና እናቴ ትጠራ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«እና ሁላችሁም ዋሻችሁኝ ማለት ነው?»

«ኧረ ምን ዋሸን! ተባበርንዎት እንጂ።»

ሬጊና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። የሁለት ቀን ሥልጠና፣ የአራት ሰዓት አውቶቡስ፣ ሠላሳ ጥያቄ፤ የተረፋት ትብብር ነው።

አንድ ወረቀት ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ያግና የምትባል የምግብ ሥራ ተማሪ ሃያ ሁለት ቦታ ላይ «በጭራሽ» ብላለች። ያግና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ብዙ አታወራም፤ ከኋላ በስተግራ፣ መስኮቱ ጥግ ካለችው ወንበር ተነስታ አታውቅም። የማዳመጥ ውጤቷ ከአሥራ አምስት አሥራ አራት ነው።

ሬጊና መጠይቁንና የፈተና ወረቀቷን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው። አታቅድም፣ ራሷን አትቆጣጠርም፣ መለስ ብላ አታይም፤ አሥራ አራት ግን ታመጣለች። እንዴት? ያን ቀን በንዴት ላይ ነበረችና አንድ መልስ ብቻ ነው የመጣላት። ኮርጃለች። ጥግ ላይ የምትቀመጠውም ለዚሁ ነው።

በሚቀጥለው የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ ያግናን ጠራቻት።

«ዕቃሽን ይዘሽ እዚህ ነይ። እዚህ፣ በሩ አጠገብ፣ የመጀመሪያው ወንበር።»

«ለምን?»

«እንድትቀመጪበት።»

«እዚህ ይመቸኛል፣ ቲቸር።»

«እዚያም ይመችሻል።»

ያግና ቦርሳዋን አንስታ መጣች። በቀኟ ግድግዳው፣ በግራዋ የመምህሯ ጠረጴዛና ሲዲ ማጫወቻው ሆኑ። ሬጊና ማንም አይቶት የማያውቅ አዲስ ፈተና አጫወተች፤ ዓይኗን ከልጅቷ እጅ ላይ አልነቀለችም። ያግና አንገቷን ወደዚህም ወደዚያም ታዞራለች፤ አንዴ እንዲያውም ወንበሯ ላይ ሙሉ ለሙሉ ልትዞር ስትል ሬጊና «ወደ ፊት!» አለቻት። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ስድስት አመጣች።

«ስድስት» አለች ሬጊና በሁሉም ፊት። «አሥራ አራቱ ታዲያ ከየት ነበር የመጣው?»

ያግና ፊቷ ቀላ።  ቦርሳዋን አንግታ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። 

«ቲቸር» አለ ቲሞን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ፤ «ይሄ ጥሩ አልሆነም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያግና ወረቀቷን ባዶውን መለሰች። ወደ መስኮቷ ጥግ ተመልሳ ነበር፤ ሬጊናም ደግማ ተነሺ አላለቻትም። ስሟን ብቻ ጽፋ ትሰጣለች፤ ሬጊና ዜሮ ትጽፍበታለች። ሁለቱም ሌላ የሚያደርጉት ጠፋቸው።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። ወላጆች ከሥራ ሲወጡ በየክፍሉ በር ይሰለፋሉ። የያግና እናት ወይዘሮ ቤያታ ከወተት ፋብሪካው የማሸጊያ ክፍል በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ቀኑን ሙሉ ማሽን መሃል የምትውል ሴት ስለሆነች ድምጿ ከፍ ያለ ነው። ወንበሩን ሳትስብ ቆማ ጀመረች።

«ልጄን ሌባ ያሏት እርስዎ ነዎት?»

«ወይዘሮ ቤያታ፣ ሌባ አላልኳትም…»

«ቃሏን ብቻ ነው ያስቀሯት። ሌላውን ሁሉ ብለዋታል።»

«ውጤቷ አሥራ አራት የነበረ ልጅ ቦታ ስትቀየር ስድስት ካመጣች፣ እኔ ምን ልበል?»

«ቦታ ስትቀየር!» ወይዘሮ ቤያታ ራሷን ነቀነቀች። «የግራ ጆሮዋ አይሰማም። ስድስት ዓመቷ ላይ ጆሮ ደግፍ ታመመች፤ እብጠቱ ሲሄድ መስማቷንም ይዞት ሄደ። እርስዎ ደግሞ ግድግዳውን በደህናው ጆሮዋ፣ ድምፁን በደንቆሮው በኩል አደረጉባት።»

ሬጊና በሩ አጠገብ ወዳለው የመጀመሪያው ወንበር አየች።

«ለምን አልተነገረኝም?» አለች።

«እሷ ናት አትናገሩብኝ ያለችው። አንደኛ ደረጃ እያለች መምህሮቿ ሲያውቁባት ምን እንዳደረጓት ያውቃሉ? ፊት አስቀምጠው፣ አፋቸውን እንደ በር ከፍተው ‹ገ–ባ–ሽ?› እያሉ ይጮሁባት ነበር። የሂሳብ ጥያቄውን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ‹ገ–ባ–ሽ?› ይሏታል። ቤት መጥታ ታለቅስ ነበር። እዚህ ስትገባ፣ ‹እማዬ፣ አንድ ሰው እንዳይሰማ› አለችኝ። አምስት ዓመት ቻለችው። እርስዎ ነዎት እንድናገር ያደረጉኝ።»

ከኋላ የተሰለፉት ወላጆች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሬጊና «ይቅርታ» አለቻት። ወይዘሮ ቤያታ «ለእኔ አይደለም» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ሬጊና ያግናን ኮሪደሩ ላይ፣ ማሞቂያው ብረት አጠገብ አገኘቻት። ልጅቷ የፖፒ ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት ጣፋጭ ዳቦዋን እየቆረሰች ትበላለች።

«ያግና፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«እናቴ ነገረችዎት፣ አይደል?»

«ነገረችኝ።»

«አትንገሪ ብያት ነበር።» ዳቦዋን በወረቀቱ ጠቀለለች። «በሁሉም ፊት ነው ያሉኝ። እዚህ ማሞቂያ ሥር መጥተው ይቅርታ ቢሉኝ ምን ያደርግልኛል?»

እውነቷን ነው። ሬጊና ክፍል ገባች፤ ስለ ጆሮዋ ሳታነሳ፣ «ያግና አልኮረጀችም። አሥራ አራቱ የራሷ ነው። ያለ ማስረጃ ስሟን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ትምህርት ቤት መምህር አጠፋሁ ሲል ሰምተው አያውቁም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ያግና ቀረች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻት ሬጊና። «ስታዳምጪ ምንድነው የምታደርጊው?»

«ምንም አላደርግም።»

«ምንም ሳያደርግ አሥራ አራት የሚያመጣ የለም።»

ያግና ትከሻዋን ሰበቀች። «ጥያቄውን አነባለሁ። ሰውየው ሆቴል የሚደውል ከሆነ ሊያማርር ነው፤ ደስ ብሎት የሚደውል ሰው ፈተና ላይ አይመጣም። ስለዚህ የተበላሸውን ነው የምጠብቀው። ሻወሩ ነው፣ ጩኸቱ ነው፣ ምግቡ ነው። ሲመጣ አውቀዋለሁ።»

«ካመለጠሽስ?»

«ያምልጠኛ። እቤት እራት ላይ አባቴ ከጢሙ ውስጥ ነው የሚያጉተመትመው፤ እህቴ በግራዬ ነው የምትቀመጠው። ግማሹ ሁሌ ያመልጠኛል። ‹ምን አላችሁ? ምን አላችሁ?› ብል እራቱም አያልቅ። ያለፈውን ትቼ የሚመጣውን እይዛለሁ። ብዙ ጊዜ ኋላ የሚመጣው ያመለጠኝን ይነግረኛል። ገምቼ የነበረው ከእሱ ጋር ካልሄደ ደግሞ እቀይረዋለሁ።»

«ያግና! ይሄ እኮ ነው መጠይቁ ላይ ያለው! እቅዱ፣ ቁጥጥሩ…»

«መጠይቁ ‹እቅድ አወጣለሁ ወይ› ነው የሚለኝ። እኔ እቅድ አላወጣም። እራት ነው የምበላው።»

ሬጊና ሳቅ አመለጣት፤ ያግና ግን አልሳቀችም።

«ይህንን ለክፍሉ ብትነግሪያቸው…»

«አልነግርም። ነገ ‹እንዴት ለመድሽው› ይሉኛል፤ ከዚያ ጆሮዬ ጋ ይደርሳሉ።» ቦርሳዋን አነሳችና ቆም አለች። «ቲቸር፣ እርስዎስ እንዴት ነው የሚያዳምጡት?»

«እኔ?»

«ሁልጊዜ ወረቀቱን እያዩ ነው። ከንፈርዎት ከድምፁ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። እኔ የሰው ከንፈር አያለሁ፤ ልማዴ ነው። ያለ ወረቀቱ አዳምጠው ያውቃሉ?»

 ያግና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ሁለት ቀን ሬጊና በነገሩ ስትብሰለሰል ሰነበተች። መጀመሪያ ተናደደች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረችን ሴት እንዲህ ትጠይቃለች? ከዚያ ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ። ልጆቹን ስታዳምጡ ምን እያደረጋችሁ ነው ብላ ሠላሳ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ እሷ ራሷን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ያላዳመጠ ሰው ምን ብሎ ማዳመጥ ያስተምራል?

ዓርብ ክፍል ስትገባ የመምህሩን መጽሐፍ ዘግታ ለቲሞን ሰጠችው።

«ያዘው። እንዳትከፍተው። ዛሬ አብሬያችሁ ነው የምፈተነው።»

«ቲቸር፣ ቢወድቁስ?»

«እናቴን ትጠራታለህ።»

አዲስ ፈተና ከፈተች፤ ተናጋሪው የስኮትላንድ ሰው ናቸው፣ በጀልባ ሰው የሚያሻግሩ፣ ስለ ሥራቸው የሚያወሩ። ስድስት ጥያቄ ነው። ድምፁ ሲጀምር ሬጊና እርሳሷን አነሳች። የመጀመሪያውን ሰማች። ሁለተኛው ላይ አንዲት ቃል መጣችባት፤ የምታውቃት ትመስላለች፣ አታውቃትም። ምን ነበረች? ምን ነበረች? እያለች ስታባርራት ሰውየው ስለ ማዕበል አውርተው ጨርሰው ስለ ደሞዝ ገብተዋል። ቀና ስትል የልጆቹን ፊት አየች። ሁሉም የእሷው ፊት ነው። ያው መኮማተር፣ ያው ድንጋጤ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከወረቀቱ በላይ ሲታያት የኖረውን ፊት አሁን ከውስጡ ሆና አወቀችው።

ድምፁ ሁለቴ አለቀ። ቲሞን መልሱን ከመጽሐፉ አነበበ። ሬጊና ከስድስት አራት አመጣች።

«አራት!» አለ ቲሞን ዓይኑን አፍጥጦ።

«አራት» አለች። «የት እንደወደቅኩ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ቃል አመለጠችኝ። እሷን ሳባርር ሦስተኛው ሄደ። ማለፍ ነበረብኝ፤ አላለፍኳትም። አራተኛውን ያገኘሁት ስለ ክረምት ሲያወሩ ሥራ እንደሚቀንስ ስለገመትኩ ነው እንጂ ሰምቼው አይደለም።»

ቲሞን፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ «እኔ ‹ምንም እንኳ› የምትለዋ ላይ ነው የወደቅኩት» አለ። «ከዚያ በኋላ ስለ አያቴ ጎምዛዛ ሾርባ ነው ያሰብኩት። እውነቴን ነው። እስከ መጨረሻው ሾርባ ነበርኩ።»

ሳቁ ሲበርድ ሌላዋ እጇን አወጣች። «እኔ ሁለት መልስ ልክ ነበረኝ፤ ሁለተኛ ሲለቀቅ ተጠራጥሬ ቀየርኳቸው።» ሌላው ደግሞ፣ «እኔ ቃል በቃል እየተረጎምኩ ነው፣ ሁሌ ወደ ኋላ እቀራለሁ» አለ። ሠላሳው ጥያቄ ያላወጣውን አንድ ክፍለ ጊዜ አወጣው።  ያግናም ወረቀቷን በዚያ ቀን ሞልታ ነው የመለሰችው።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ድምፁ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ይገምታሉ፤ ማን ነው የሚናገረው፣ ምን ፈልጎ ነው፣ ምን ሊል ይችላል። መሃል ላይ ሬጊና ታቆመውና «አሁን ማን ጠፋበት?» ትላለች። እጅ ይወጣል፤ የእሷም ጭምር። ሲያልቅ ማን የት ወደቀ፣ ሲወድቅስ ምን አደረገ ይባባላሉ። ነገር ግን ጊዜው የት አለ? የካቲት አልቋል። አንዱ ሳምንት ለመካኒኮቹ የመስክ ሥራ ሄደ። አንዱ ለፋሲካ። አንዱን ክፍለ ጊዜ የእሳት አደጋ ልምምድ በላው፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ በዝናብ ተሰልፈው ሲቆጠሩ ዋሉ። ሚያዝያ ላይ እንደገና ሲፈተኑ አማካዩ ሰባት ሆነ።

«ሰባት» አሉ አቶ ቫልደማር። «ስምንት ሳምንት ለፍተው ሁለት ነጥብ?»

«ከአምስት ዓመት በፊት ብጀምረው አሥር ይሆን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጀመሩትም?»

 ከዚያ ዳይሬክተሩ የተሞሉትን መጠይቆች ለፋይል ጠየቋት፤ ሰጠቻቸው። ከያግና በቀር ሁሉም «ሁልጊዜ» ይላሉ። አቶ ቫልደማር ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይሄ እንኳ ጥሩ ነው» አሉ።

የያግና ነገር ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። ጆሯቸው የማይሰማ ተማሪዎች በተለየ ክፍል፣ ስፒከር አጠገባቸው ሆኖ እንዲፈተኑ ሕጉ ይፈቅዳል። ሬጊና ያግናን ለማሳመን ሳምንት ፈጀባት። «እሺ፣ ይሁን» ስትላት ለፈተና ቢሮው ስልክ ደወለች። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

«ልጅቷ ጆሮዋን ያመማት አሁን ነው?» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት።

«የለም፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ነው።»

«እንግዲያው ለማመልከት አሥራ ሦስት ዓመት ነበራችሁ።»

«አሥራ አንድ ቀን ነው ያለፈው እኮ!»

«አንድ ቀንም ቢሆን ያው ነው፣ እመቤቴ።»

ሬጊና ደብዳቤ ጻፈች። ሌላ ጻፈች። የመጀመሪያው ለሌላ ክፍል ተላለፈ የሚል መልስ መጣለት፤ ሁለተኛው መልስም አልመጣለት። ያግና ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ሬጊናን የከበዳትም እሱ ነው።

«ለዚህ ነው የማልናገረው» አለች ልጅቷ። «ይነገራል፣ ምንም አይመጣም፣ ማወቃቸው ብቻ ይቀራል።»

ግንቦት ደረሰ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ በወንበር ተሞላ። መቀመጫ በዕጣ ነው፤ ተማሪዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አንድ በአንድ ከከረጢት ቁጥር ያወጣሉ። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ፈታኝ መሆን አይችልምና ሬጊና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታያለች። ያግና አሥራ ሰባት ቁጥር አወጣች። ሬጊና በዓይኗ ቆጠረች። በስተቀኝ፣ ግድግዳው ሥር። ስፒከሩ በግራ።

በሩ ተዘጋ። ሬጊና ወደ ሌላ ፎቅ ልትሄድ አስባ ተወችው። ድምፁ በበሩ ውስጥ ታፍኖ ይመጣል፤ ቃል አይለይም፣ ዜማው ብቻ ነው የሚሰማው። ያግና ከዚያ ከግድግዳው ሥር ሆና የሚሰማት ይህን ነው ብላ አሰበች።

ልጆቹ ሲወጡ ቲሞን ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳያት። ያግና ከመጨረሻዎቹ ናት። ፊቷ እንደዚያን ቀን ቀልቷል።

«ዞር ብዬ ነበር የተቀመጥኩት» አለች። «ቀኝ ጆሮዬ ወደ ድምፁ እንዲሆን። ፈታኟ መጥታ ‹ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ› አለችኝ። ቀጥ አልኩ። ደግሞ ዞርኩ። ደግማ መጣች። ሦስተኛው ላይ ‹ከአዳራሹ ትወጫለሽ› አለችኝ። ቲቸር፣ እኔ የጠፋብኝን መተው እችላለሁ። እሷ በመጣች ቁጥር ግን ድምፁን ትቼ እሷን ነው የማዳምጠው።»

«ጆሮሽን አልነገርሻትም?»

«መሃል ላይ? መቶ ሰው እያዳመጠ?»

ሬጊና አዳራሹ ውስጥ ገብታ ፈታኟን ፈለገቻት፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ለስላሳ አነጋገር ያላት ሴት ሆና አገኘቻት። «ማን ነገረኝ?» አለች ሴትየዋ ደንግጣ። «ወረቀቴ ላይ ምንም የለም። የጎረቤቷን ወረቀት የምታይ መስሎኝ ነው።» ሬጊና ልትጮህባት መጥታ ነበር። ራሷም ጥር ላይ የተናገረችው ይህንኑ ስለሆነ አልጮኸችም። «ገብቶኛል» ብላ ወጣች።

ውጤቱ ሐምሌ ላይ ወጣ። ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱ ብቻ ወደቁ። የማዳመጡ አማካይ ስምንት ነው። ቲሞን ዘጠኝ አምጥቶ፣ ኖርዌይ ላለው አጎቱ ደውሎ «በእንግሊዝኛ አናግረኝ» ብሎ አስቸገረው። ያግናም ዘጠኝ አመጣች፤ ፈተናውን በደንብ አልፋለች፤ ኦልሽቲን ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የምግብ ሳይንስ ለመማር ግን አራት ነጥብ ጎደላት። በነሐሴ ከእናቷ ጋር ወተት ፋብሪካ ገባች፤ እናቷ ማሸጊያ፣ እሷ ናሙና መመርመሪያ ክፍል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሬጊና ከገበያ ስትመለስ ያግና ከአውቶቡስ ወርዳ ጠራቻት። ነጭ የሥራ ካፖርቷን በከረጢት ይዛለች።

«ማመልከቻውን አስገባሁ» አለች። «በሚቀጥለው ግንቦት ውጤቴን ለማሻሻል። የሐኪሙንም ወረቀት አያይዤ፣ በመጀመሪያው ቀን።»

«ጎሽ! ተቀበሉሽ?»

«መለሱልኝ። የሐኪሙ ማኅተም ሰማያዊ መሆን ነበረበት፣ ጥቁር ነው አሉ።»

ሬጊና አፏን ከፍታ ቀረች። ያግና ያንን ፊት አየችና በመጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ሳቅ አለች፤ ሬጊና ስትስቅ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

«ዛሬ ሰማያዊውን አስመትቼ መጣሁ። ነገ እወስደዋለሁ።»

«ነገ ትምህርት የለኝም። አብሬሽ ልሂድ?»

ያግና ጥቂት አሰበች። «ይምጡ» አለች። «ግን ቢሮው መስኮት ጋ እኔ ነኝ የማወራው። እርስዎ በግራዬ ይቁሙ።»

የፋብሪካው ፈረቃ ሊገባ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበርና እየሮጠች ሄደች።